አዲስ የተነጠፈ ሳር እንዳይደርቅባችሁ፦ ከርክክብ እስከ መጀመሪያው አጨዳ፣ ለጅማ ግቢዎች

ሳር አስነጥፈው በሦስተኛው ሳምንት የሚደውሉልኝ ሰዎች አቤቱታቸው አንድ ነው፤ «ሳምንቱን ሙሉ አረንጓዴ ነበር፣ ድንገት ገለባ ሆነ» ይላሉ። ድንገት አልሆነም። ተቆርጦ የመጣ ሳር በቅጠሉና ይዞት በመጣው ስስ አፈር ባለው እርጥበት ብቻ፣ ሥር ሳይሰድ ቀናት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። መሞት የሚጀምረው ከታች ነው፤ እናንተ ግን የምታዩት ከላይ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥጉን ገለጥ አድርጋችሁ ከታች ማየትን ልመዱ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ 2ኛውንና 3ኛውን።

## 1. ጊዜውን ምረጡ

ለጅማ የምመርጠው ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለውን ነው። ዝናቡ ጀምሯል፣ ፀሐዩም አልጠፋም። ሁለተኛው ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው፤ መሬቱ ጠጥቷል፣ ሰማዩ ተገልጧል፣ ግን ኅዳር ሲገባ ውሃው የእናንተ ኃላፊነት ይሆናል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባታነጥፉ ይሻላል። ጭቃ ላይ የተነጠፈ ሳር ከሥሩ አየር አያገኝም፤ ሠራተኛ በረገጠው ቁጥርም ታች ያለው አፈር ይታሸጋል።

ለጥር ሰርግ ወይም ለኢድ ድግስ ብላችሁ የምታስነጥፉ ከሆነ ከበዓሉ ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድማችሁ ጨርሱ። በ4ኛው ቀን ድንኳን የተተከለበት አዲስ ሳር አይድንም። ጊዜው ካለፈባችሁ ደግሞ በዓሉን አሳልፋችሁ አስነጥፉ፤ ቄጠማ ጎዝጉዙና እንግዳ ተቀበሉ።

## 2. መሬቱን አዘጋጁ

ከሥራው ሁሉ ከግማሽ በላይ ድካም የሚጠይቀው ይሄ ነው። ሰው የሚያሳጥረውም ይሄኑ ነው።

### ከአፈሩ በታች ያለውን እወቁ

ቆቺ አካባቢ በአንድ ግቢ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ቤቱ ገና መገንባቱ ነበር። አፈሩ ከላይ ሲታይ ውብ ቀይ ነው፤ እኔም ሳልቆፍር አስነጠፍኩ። በ18ኛው ቀን አንድ ቦታ ብቻ፣ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ እስኪመስል ድረስ አራት ማዕዘን ሆኖ ቢጫ ሆነ። ገልጠን ብንቆፍር ኮንክሪት ሲቦካበት የነበረ ቦታ ነው። ከ5 ሳንቲም ሜትር ቀይ አፈር በታች የደረቀ ሲሚንቶ፣ የሴራሚክ ስብርባሪና ጠጠር ተኝቷል። ሥሩ እዚያ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ሳልይዝ ግቢ አልገባም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦

1. ረጅም ካቻቢቴ ወይም የአርማታ ብረት ይዛችሁ በየ2 ሜትሩ መሬቱን ውጉ። 15 ሳንቲም ሜትር ሳይደርስ የሚገታችሁ ቦታ ካለ ምልክት አድርጋችሁ ቆፍሩ። ፍርስራሹን አውጥታችሁ በአፈር ተኩ።
2. 30 ሳንቲም ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉ። ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ ከ4 ሰዓት በኋላም ካልሰረገ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል።
3. በቦዬ ረግረግ አቅጣጫና በአዌቱ ወንዝ ዳር ባሉ ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። እንዲህ ከሆነ ቦታውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ሜትር በአፈር ከፍ አድርጉና ዳር ዳሩን ቦይ አውጡ። «ሳሩ ውሃውን ይመጠዋል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

### ቆፍሩ፣ አዳብሩ

1. ነባሩን አረም ከነሥሩ አውጡ። እንግጫ ካለ አፈሩን በወንፊት እስከመንፋት ድረስ ታገሱ፤ ከታች ያለችው ፍሬ መሳይ ጉጥ ከቀረች ተመልሶ ይበቅላል። እንግጫን ከሳር የምትለዩት ግንዱን በሁለት ጣት በማንከባለል ነው። ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ይቆረቁራችኋል።
2. ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ሜትር ጥልቀት ቆፍሩና ጓሉን ሰባብሩ።
3. የጅማ ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም የእርሻ ኖራ በትኑና ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ቢቻል ሳሩ ከመምጣቱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት አስቀድሙ። ኖራ ካጣችሁ የተነፋ የእንጨት አመድ ይሆናል፤ ግን ወይ ኖራ ወይ አመድ እንጂ ሁለቱንም አትጨምሩ። ላስቲክ የተቃጠለበት አመድ አይሆንም።
4. ከ3 እስከ 5 ሳንቲም ሜትር ውፍረት ብስል ኮምፖስት አልብሳችሁ ገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቡና ገለፈት እኛ ጋ በየመፈልፈያው ስለሚገኝ ብዙ ሰው ጥሬውን ይጨምረዋል። አትጨምሩ። ጥሬ ገለፈት አፈር ውስጥ ገብቶ ሲብላላ ይግላል፤ ሳሩ የሚፈልገውን ናይትሮጅንም ይሻማል። ያልሞተው ቢጫ ሆኖ ይከርማል። ገለፈቱን ከእበትና ከአፈር ጋር ደራርባችሁ ለ4 ወር ያህል አብስሉት። ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ የዝናብ አፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ «አፈሩ ከባድ ነው» ብላችሁ ሁለት ሦስት ባሬላ አሸዋ አትቀላቅሉበት። ሸክላማ አፈር ጥቂት አሸዋ ሲገባበት ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ከባድ አፈር የሚላላው በኮምፖስት ነው።

### ደልድሉ

መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ሜትር ዝቅ ይበል። ሲባጎ ወጥራችሁ ለኩ። በሬክ አስተካክላችሁ በእግር ረግጡት፤ ተረከዛችሁ ከ1 ሳንቲም ሜትር በላይ ከሰጠመ ገና ነው፣ አርሱና ድገሙ። የመጨረሻው አፈር ከአስፋልቱ ወይም ከንጣፍ ድንጋዩ ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ሜትር ዝቅ ብሎ ይጠብቅ። ያ የሳሩ ውፍረት ነው።

ከአቮካዶና ከማንጎ ዛፍ ጥላ በታች አታነጥፉ። ሰርዶና ኪኩዩ የተባሉት የሳር ዓይነቶች ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ፤ እዚያ የሚወጣው ገንዘብ የባከነ ነው። ዛፉን ዙሪያውን ክብ አድርጋችሁ ተዉት።

## 3. ሳሩን ስትረከቡ መርምሩ

ሳሩ ከመኪና ከመውረዱ በፊት ቆማችሁ ተረከቡ። ካወረዱት በኋላ ክርክር ነው የሚሆነው።

ቁጥሩን አረጋግጡ። ሳር የሚሸጠው በካሬ ነው። 30 በ30 ሳንቲም ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ አንድ ካሬ ሜትር የሚሞላው ከ11 ትንሽ በሚበልጥ ቁራጭ ነው። ለ40 ካሬ 444 ያህል፣ ለተሰበረው ከመቶ 5 መጠባበቂያ ሲጨመር 466 ቁራጭ ማለት ነው። በአንድ ካሬ 10 ቁራጭ ብቻ እየቆጠረ የሚያወርድ ካለ ከመቶ 10 ያህል አጎደለባችሁ። ቁራጩንም በሜትር ለኩ፤ 27 በ27 የሆነ ሳር «30 ነው» ተብሎ መጥቶልኝ ያውቃል።

አምስት ነገር ፈትሹ፦

1. *ጥንካሬ።* አንዱን ቁራጭ በሁለት እጅ በአንድ ጠርዙ ይዛችሁ አንጠልጥሉት። ሳይበጠስ መሰቀል አለበት። የሚፈርስ ከሆነ ሥሩ ገና አልተጠላለፈም።
2. *ውፍረት።* አፈሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲም ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሳሳ በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል። ከ4 ከበለጠ ደግሞ የገዛችሁት አፈር ነው፤ ሥሩም ታች ለመድረስ ይዘገያል።
3. *ሥር።* ገልብጣችሁ እዩ። ነጭ ወይም ክሬም የሆነ፣ ሲጎተት የሚለጠጥ ሥር ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ በጣት ሲታሽ የሚረግፈውን መልሱ።
4. *ሙቀት።* እጃችሁን ወደ ክምሩ መሃል አስገቡ። የሚሞቅ ከሆነና የተቦካ ነገር ከሸተተ ሳሩ ታፍኗል። ተቆርጦ ከ24 ሰዓት በላይ የተከመረ ሳር እንዲህ ይሆናል። ከላይ ያለው ውብ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን መሃሉን አውጡና እዩ።
5. *አረም።* ከግጦሽ መሬት ተቆርጦ የሚመጣ ሳር እንግጫና ሙጃ ይዞ ይመጣል። አሥር ቁራጭ ከተለያየ ቦታ መዛችሁ እዩ። በሦስቱ ላይ እንግጫ ካገኛችሁ ጭነቱን አትቀበሉ። ይሄን ስመክር ሰዎች «ለሦስት ቁራጭ?» ይሉኛል። አዎ፤ ከዓመት በኋላ ግቢው በሙሉ እንግጫ ይሆናል።

የሳሩንም ዓይነት ጠይቁ። ሰርዶ (በኦሮምኛ ጮቆርሳ) ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ጥላ ግን አይችልም። ኪኩዩ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ቶሎ ይሸፍናል፣ አጨዳውም ብዙ ነው፤ አበባ መደብ ውስጥም ይገባል። ሁለቱን ቀላቅላችሁ አታነጥፉ።

ወዲያው ማንጠፍ ካልቻላችሁ ሳሩን ጥላ ስር በአንድ ድርብ ዘርጉትና ውሃ አርከፍክፉበት። በላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አታሳድሩት።

## 4. አንጥፉ

1. ከማንጠፋችሁ በፊት መሬቱን አረጥቡ። እርጥብ እንጂ ጭቃ አይሁን።
2. መጀመሪያ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን ጠርዝ ተከትላችሁ አንድ ረድፍ አስኪዱ።
3. ሁለተኛውን ረድፍ እንደ ብሎኬት ግንብ መገናኛውን እያፈረቃችሁ አስኪዱ። አራት ጥግ አንድ ቦታ ከተገናኘ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው።
4. ጠርዝ ለጠርዝ ገፋ አድርጋችሁ አጋጥሙ። አትደርቡ፤ ለማዳረስ ብላችሁም አትለጥጡ። የተለጠጠ ሳር በሁለተኛው ቀን ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል።
5. የተነጠፈው ላይ አትቁሙ። ጣውላ ዘርግታችሁ እሱ ላይ ተንበርከኩ።
6. እያንዳንዱን ቁራጭ በጣውላ ወይም በእጅ መዳፍ ተጫኑት። ከታች አየር ከቀረ ሥሩ አፈሩን አያገኝም።
7. ክፍተቶቹን ኮምፖስት በተቀላቀለበት የተነፋ አፈር ሙሉ።
8. ተዳፋት ላይ ከሆነ ረድፉን ተዳፋቱን አቋርጣችሁ አስኪዱ፤ ቁራጩንም በእንጨት ችካል ያዙት።

## 5. ውሃ፦ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት

ጅማ ውሃ በየቀኑ በቧንቧ የሚመጣበት ሰፈርም፣ በፈረቃ የሚመጣበትም አለ። ስለዚህ የምለካው በጎማ ሳይሆን በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ነው።

በተነጠፈበት ቀን፦ በአንድ ካሬ አንድ ጀሪካን። ሁሉም ተነጥፎ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አንዱ ሲያነጥፍ ሌላው ከኋላ ያጠጣ። አንድ ቁራጭ ከተነጠፈ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለ ውሃ አይቆይ። 40 ካሬ ከሆነ 800 ሊትር ያስፈልጋችኋል። ታንከሩ ሳይሞላ ሥራ አትጀምሩ።

ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን፦ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ለ4 ካሬ። 40 ካሬ አንድ በርሜል ይበቃዋል። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አጠጡ። ፀሐይና ነፋስ የበረታበት ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በተጨማሪ ረጨት አድርጉ።

ከ8ኛው እስከ 14ኛው ቀን፦ አንድ ቀን እያለፋችሁ አንድ ጀሪካን ለ2 ካሬ። ውሃው ጠለቅ ሲል ሥሩም ተከትሎ ይወርዳል። በየቀኑ ላይ ላዩን የሚጠጣ ሳር ሥሩን ላይ ያስቀራል።

ቀጥ ያለ ቆርቆሮ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይሆናል፣ ሜዳ ላይ አስቀምጡ። ሌሊት የዘነበው 5 ሚሊ ሜትር ከሞላ የዚያን ቀን ውሃ ተዉ።

### በየቀኑ ማረጋገጫ

ከዳር፣ ከመሃልና ከአጥር ጥግ አንዳንድ ቁራጭ መርጣችሁ ጥጋቸውን በቀስታ ግለጡ። ከታች ያለው አፈር በጣት ሲነካ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሁን፤ ውሃ ግን አያፍልቅ። ካቻቢቴውን ውጉ፤ 10 ሳንቲም ሜትር በቀላሉ ካልገባ ውሃው ከላይ ቀርቷል። መልሳችሁ ተጫኑት።

በነዚህ 14 ቀናት ሰውም ከብትም አያልፍበት። ዶሮ ካላችሁ ዝጉባት፤ ክፍተቱን አግኝታ መጫር ከጀመረች በአንድ ጠዋት አንድ ረድፍ ትገለብጣለች።

## 6. ሥር መስደዱን ፈትኑ

በ10ኛውና በ14ኛው ቀን ሳሩን በእፍኝ ያዙና ወደ ላይ በቀስታ ሳቡ።

አንዲት እናት ቢሾፍቱ ካለች ልጃቸው ጋር በስልክ ተማክረው በ12ኛው ቀን ውሃ ሊያቆሙ ነበር። «የኔ ልጅ፣ ይኸው አረንጓዴ አይደል እንዴ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ይቺን ጥግ ይያዙልኝ» አልኳቸው። ሳብ ሲያደርጉት የበሰለ እንጀራ ከምጣድ እንደሚነሳ ሙሉው ቁራጭ ተላቆ መጣ። ከታች አንድም ነጭ ክር አልነበረም። ውሃውን ቀጠሉ። ከ9 ቀን በኋላ ሲስቡት እምቢ አለ፤ ጥጉን በግድ ገለጥ ስናደርገው የተፈተለ ጥጥ የመሰለ ሥር ወደ ቀዩ አፈር ገብቶ ተወጥሮ አየን።

* እንደ እንጀራ ከተነሳ፦ የ2ኛውን ሳምንት ውሃ ቀጥሉ፣ በ4 ቀን ፈትኑ።
* ጥጉ ተነስቶ መሃሉ ከያዘ፦ ይዟል፣ ሌላ ሳምንት ጠብቁ።
* ጨርሶ ካልተነሳ፦ ውሃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ በካሬ ከ12 እስከ 15 ሊትር። ዝናብ ካለ ቀንሱ።

## 7. የመጀመሪያው አጨዳ

የመሳብ ፈተናውን ያላለፈ ሳር አይታጨድም። ካለፈና ከ6 እስከ 7 ሳንቲም ሜትር ከደረሰ፣ ሁለት ቀን ውሃ አቁሙና ሲደርቅ እጨዱ። ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ 4 ተኩል ሳንቲም ሜትር ገደማ ይቅር። ማሽኑ ምላጩ የተሳለ ይሁን፤ ሲዞርም ጎማውን ሳሩ ላይ አታጠማዙ። በማጭድ የሚታጨድ ከሆነ ሠራተኛው ሳሩን እየጎተተ እንዳይቆርጥ ንገሩት፤ ለአዲስ ሳር መቀስ ይሻላል። የታጨደውን ሰብስቡ።

## 8. ማዳበሪያ

ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ዩሪያ አይነካው። ከዚያ በኋላ በካሬ 10 ግራም፣ ለ40 ካሬ 400 ግራም ብቻ። በእፍኝ አትገምቱ፤ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑ። ግማሹን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን በአግድም በትኑ። ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን በትናችሁ ወዲያው አጠጡ፤ ቅጠል ላይ ያደረ ዩሪያ ያቃጥላል። ኖራ በበተናችሁበት ሰሞን ዩሪያ አትበትኑ፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል።

## ችግር ሲገጥም

ቀለሙ አመድማ ሆነ፣ የእግር ዱካ ሳይነሳ ቀረ። ጥማት ነው። እኩለ ቀንም ቢሆን አሁኑኑ አጠጡ፤ «በፀሐይ ማጠጣት ያቃጥለዋል» ብላችሁ እስከ ማታ አትጠብቁ።

ጠርዝ ጠርዙ ደረቀ፣ መሃሉ ደህና ነው። ክፍተቱ አየር እያስገባ ነው። የተነፋ አፈር ሙሉና ጠርዙን ለይታችሁ አጠጡ።

ቢጫ ሆኖ ለሰለሰ፣ ሲገለጥ ይሸታል። ውሃ በዝቷል። ማጠጣት አቁሙ፤ ጥጎቹን ለግማሽ ቀን ገልጣችሁ አናፍሱ። ውሃ የተኛበትን ቁራጭ አንሱ፣ ታቹን በአፈር ከፍ አድርጉ፣ መልሱ። በክረምት ከሆነ ቦይ ሳታወጡ አይስተካከልም።

ሳትስቡት የሚነሳ ቁራጭ፣ ሥሩ የተበላ። ገልብጡ። እንደ ቀለበት የተጠቀለለ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ነጭ እጭ ካያችሁ በእጅ ልቀሙ። በአንድ ቁራጭ ስር ከ5 በላይ ከሆነ ዙሪያውን ያሉትንም ገልብጣችሁ ልቀሙ። የጭቃ መተላለፊያ ካያችሁ ምስጥ ነው፤ ከታች የቀረ የእንጨት ስብርባሪ ወይም ጉቶ ፈልጋችሁ አውጡ። መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ናሙናውን ይዛችሁ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አማክሩ።

እንግጫ ብቅ አለ። አትንቀሉ፤ ሲነቀል ጉጡ ይቀራል። በቢላ ዙሪያውን ወግታችሁ ከነጉጡ አውጡ።

ሙሉ በሙሉ ገለባ መሰለ። ለመጣል አትቸኩሉ። መሬት ለመሬት የሚሳበውን ግንድ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ሰርዶም ኪኩዩም ከዚያ ግንድ ያቆጠቁጣሉ። ለ3 ሳምንት እያጠጣችሁ ጠብቁት። ውስጡ ቡናማ ሆኖ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ሞቷል። ያን ቁራጭ በቢላ በአራት ማዕዘን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከታች 5 ሳንቲም ሜትር ቆፍሩ፣ በመጠባበቂያ ካስቀራችሁት አዲስ ቁራጭ ተኩ። አራት ጥጉ ላይ ስንጥር ሰክታችሁ ምልክት አድርጉ፤ ለዚያ ቁራጭ 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።